ውሃ የጠጣችው ጀልባ

ላዩ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ግን የበሰበሰ ዕቃ በእጃችሁ ቢገኝ፣ ገዢውም ቀብዱን ሰጥቶ ርክክቡን ቢጠብቅ ምን ታደርጋላችሁ? በወሬ ደረጃ ሲነሣ መልሱ ለሁሉም ቀላል ነው። በእኛ ቤት ግን ባሕር ዳር ከሚገኘው ግቢያችን ውስጥ በቆመች አንዲት አሮጌ ሞተር ጀልባ ምክንያት ይኸው ጥያቄ ሲያከራክረን ሰንብቷል።

ጀልባዋ የአባታችን ነበረች፤ አላህ ይዘንላቸው። ርዝመቷ 4 ሜትር ተኩል፣ ገላዋ ፋይበርግላስ ሲሆን በፋብሪካ ሰሌዳዋ ላይ የሠፈረው ዘመን እ.ኤ.አ. 1972 ነው። አባታችን ካለፉ ወዲህ ከማንጎው ሥር በብሎኬት ላይ ተቀምጣ፣ ዝናብ ሲወርድባትና ዶሮ ሲያድርባት ዓመታት ተቆጠሩ። በ2009 ዓ.ም. የእህታችን ኮሌጅ መግባት ሲቃረብ ክፍያውን ከየት እናምጣ ብለን ስንመክር ዓይናችን እሷ ላይ ዐረፈ። መምህር ነንና ክረምቱ የእኛ ነው። ከታናሽ ወንድማችን ጋር ሆነን አጠብናት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግናት፣ ስንጥቋን በስቱኮ ደፍነን ነጭና ሰማያዊ ቀለም ቀባናት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሽራ መሰለች። ከጎርጎራ ወገን የመጣ አንድ ዓሣ ነጋዴም አይቶ ወደዳት፤ ቀብድ ሰጥቶን በነሐሴ መጨረሻ ሊወስዳት ተስማማን።

ከዚያ በፊት በውሃ ላይ እንሞክራት ብለን ስድስት ሆነን ልናነሣት ብንታገል አልነቃነቅ አለች። ከነገደ ወይጦ የሆኑ አንድ ታንኳ ሠሪ አዛውንት ቆመው ሲያዩን ቆዩና ‹‹ልጆቼ፣ ይህች እኮ ውሃ ጠጥታለች›› አሉ። እኛ ሳቅን። ደንገል ነው እንጂ ፋይበርግላስ ውሃ ይጠጣል? እሳቸው አልተቀየሙም። የደንገል ታንኳ ሲቀዘፍ ውሎ ውሃ ስለሚጠጣ ከሐይቅ እንደወጣ አቁመው ፀሐይ እንደሚያስመቱት፣ ያም ሆኖ ዕድሜው ከወራት እንደማይዘል አስረዱንና ‹‹የኔው በግልጽ ይጠጣል፤ የእናንተይቱ ተደብቃ ነው የምትጠጣው›› ብለው ሄዱ።

ነገሩ ከንክኖን መዶሻ አመጣን። የጀልባዋን ጎን ስንነካው ጠንከር ያለ የጠራ ድምፅ ሰጠ። ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ ግን እንደ ረጠበ ጆንያ ‹‹ዱፍ›› አለ። ከውስጥ በኩል በትራፓኖ ብንበሳው የወጣው ነገር የእንጨት ፍቅፋቂ ሳይሆን የቡና አተላ የሚመስል፣ የሚሸት ጭቃ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ፋይበርግላስ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ነገሩ እንደ ክር የቀጠነ ብርጭቆ ሆኖ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ተለንቅጦ የሚደርቅ ነው። አይነቅዝም፣ አይዝግም፤ ከእንጨት ይልቅ በጀልባ ሠሪዎች ዘንድ የተወደደውም በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን ሠሪዎች ብዙዎቹ ጥንካሬ ለመጨመር የኋላውን ግድግዳና ከወለሉ ሥር ያሉትን ወጋግራዎች በእንጨት ሠርተው በፋይበርግላስ ይለብጡት ነበር። ውሃ የሚገባው ታዲያ በልባጡ ሳይሆን የሞተሩ ቡሎኖች በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ነው። አንዴ ከገባ መውጫ የለውም፤ እንጨቱ በሁለት ልባጥ መካከል ታፍኖ ይበሰብሳል፣ ከወለሉ ሥር ያለው ፎምም ውሃውን መጥጦ ይከብዳል። ከውጭ ምንም አይታይም።

አደጋው ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ሞተር ብቻውን 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሲገፋ ደግሞ ኃይሉ በሙሉ በዚያ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ጣና ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ ቀላል አይደለም። ግድግዳው በመካከሉ ቢገነጠል ሞተሩ ወደ ታች፣ ውሃው ወደ ውስጥ ነው።

ወንድማችን ‹‹ሰውየው በዓይኑ አይቶ ወዷል፣ እኛ ምን አገባን? ምዝገባው መስከረም ላይ ነው›› አለ። እውነቱን ለመናገር እኛም ዝም ያልነው ሐሳቡን ስለጠላነው አልነበረም። እናታችን እህል እየለቀሙ ሲሰሙን ቆይተው ‹‹የሰውየው ልጆች አይሳፈሩባትም?›› ብለው ጠየቁ። በማግሥቱ ደወልንለት። ጥቂት ዝም አለና ቀብዱን አስመለሰ፤ ‹‹ስትጨርሱ ንገሩኝ›› ከማለት በቀር ቃል አልሰጠንም።

ሥራው የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። የውጭውን ልባጥ ሳንነካ የውስጡን በግራይንደር ቆርጠን አነሣን። የበሰበሰውን በመሮና በማንኪያ ጭምር ዛቅነው። ወለሉን ከፍተን ፎሙን ስናወጣው እንደ እጥበት ጨርቅ ይጨመቅ ነበር። የፋይበርግላስ ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም ይጎዳል፤ በመጀመሪያው ቀን በሻሽ ብቻ አፋችንን ሸፍነን ሠርተን ሌሊቱን ስናክ አደርን። ከዚያ ወዲያ ያለ ማስክ፣ ያለ መነጽርና ያለ ጓንት አልነካነውም።

ማድረቁ ከሁሉም አድካሚ ነበር። የባሕር ዳር ሐምሌ ይታወቃል። በላስቲክ ድንኳን ሠርተን ከሦስት ሳምንት በላይ ጠበቅን፤ እርጥብ እንጨት ላይ ሬዚን አይጣበቅምና።

ለአዲሱ ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስንገዛ ሻጩ ‹‹ውሃ አይፈራም›› አለን። ባለሙያዎች የሚያደርጉትን አደረግን፤ ቁራጩን ድስት ውስጥ ጨምረን ለሰዓታት ቀቀልነው። የመጀመሪያው ሱቅ ኮምፔርሳቶ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገላለጠ፤ የሦስተኛው ቻለ። (እናታችን ድስቱን መልሰው ለወጥ አላዋሉትም።) ሁለት ጣውላ አጣብቀን፣ በሞርሳ አጥብቀን ቦታው ላይ አስገባነው። አዲሱ ልባጥ ከአሮጌው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ አሮጌውን በስሱ እያዘቀዘቁ መሞረድ ያስፈልጋል፤ ደንቡ ከውፍረቱ 12 እጥፍ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ለወፈረ ልባጥ 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህን ዘልሎ ጠርዝ ለጠርዝ የሚያጣብቅ ሰው ሥራው በመጀመሪያው ማዕበል ይላቀቅበታል።

ሬዚኑን ከአዲስ አበባ አስመጣን። ለ1 ኪሎ ሬዚን የሚጨመረው ማጠንከሪያ ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፤ ካነሰ አይደርቅም፣ ከበዛ ይሰነጠቃል። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። እኛ በስስት አንድ ባልዲ ሙሉ በአንድ ጊዜ ብናዋህድ ሳንጨርሰው ባልዲው ውስጥ ግሎ ይጨስ ጀመር፤ ወደ ግቢው ጥግ አውጥተን ጣልነው። ከዚያ በኋላ በትንሽ በትንሹ፣ ሕፃናት በሌሉበት፣ በአየር ላይ ሆነን ሠራን። የቡሎኖቹን ቀዳዳ ደግሞ ከልኩ አስፍተን በሬዚን ከሞላን በኋላ እንደገና በመካከሉ በልኩ በሳነው፤ ከእንግዲህ ውሃ በዚያ ቢሰርግ የሚያገኘው ሬዚን እንጂ እንጨት አይሆንም። አባታችን ይህን ቢያውቁት ኖሮ ጀልባዋ ይህን ሁሉ ባልታመመች ነበር።

ሞተሩ አነሰ ብለው የሚያማርሩም አሉ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል ያጣል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የታወቀው እምቦጭም ፕሮፔለሩን ይጠመጥማል። ጀልባዋ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ ደግሞ ነዳጅ ከመጨረስ በቀር ፈቀቅ አትልም።

መስከረም አለፈ፤ እህታችን ሳትመዘገብ ቀረች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለን ነበር። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነጋዴው መጣ። ቀለሟን ቀና ብሎም አላየ። የኋላውን ግድግዳ በጉልበቱ ገፋው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ከዚያም ያወጣነውን ብስባሽ ‹‹ካልጣላችሁት አሳዩኝ›› አለ። በጆንያ አስቀምጠነው ነበር። ሲያይ ቆይቶ ከቀድሞው ዋጋ ትንሽ ቀንሶ ከፈለን፤ አልተከራከርነውም። የሬዚኑና የኮምፔርሳቶው ወጪ ሲነሣ የተረፈው የሁለተኛውን መንፈቅ ክፍያ ሸፈነ፤ እህታችን በየካቲት ትምህርት ጀመረች።

ወደ ሐይቁ ስናወርዳት አራት ሰው በቃን።