ሕያው አጥንትና ሸክሙ

ብዙ ዘመን ከመቃብር ቆይቶ የወጣን አጥንት ያየ ሰው፣ በሕይወት ሳለም እንዲሁ ደረቅና የማይለወጥ ነበረ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን የሕክምና ጠበብት እንዳረጋገጡት፣ በሕያው ሰው ውስጥ ያሉት አዕፅምት፣ ገሚሶቹ ሕዋሳት አሮጌውን ሲንዱ ሌሎቹ በምትኩ አዲሱን እየገነቡ፣ ከልደት እስከ ሞት ያለ ዕረፍት የሚታደሱ ናቸው። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ያይላል፤ ከዚያ ወዲያ ናዳው ቀስ በቀስ ይበረታል፤ ሴትም ባረጠች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚጎድላት፣ አጥንቷ ፈጥኖ ይሳሳል። መሳሳቱ ሕመም ስለሌለው፣ ብዙዎች የሚያውቁት ወድቀው ዳሌያቸው ወይም የእጃቸው አንጓ በተሰበረ ጊዜ ነው።

ለዚህ ሕንፃ ዋናው ማዕድን ካልሲየም ሲሆን፣ ጎልማሳ ሰው በቀን 1,000፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ደግሞ 1,200 ሚሊ ግራም እንድታገኝ ይመከራል። ወተትና እርጎ የታወቁ ምንጮቹ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከወተት ተከልክሎ የሚጾመው ምእመን በሑዳዴም ሆነ በፍልሰታ ባዶ እጁን አይቀርም፤ ጤፍና ዳጉሳ ከስንዴ ይልቅ በካልሲየም የበለጸጉ ናቸው፣ የጎመንም ካልሲየም በአንጀት በቀላሉ ይሰርጻል፣ ሊጡ ሲቦካም ማዕድኑን አስሮ የሚያስቀረው ንጥረ ነገር ይቀንሳልና፣ እርሾ የጣሉ እናቶቻችን ሳያውቁት ለአጥንታችን ውለታ ውለዋል። ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ እንዲያልፍ ግን ቫይታሚን ዲ የግድ ነው፤ ይህንንም ቆዳችን ከፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል፤ ቀኑን ሁሉ በቤት ውስጥ ለሚውል፣ ወይም ጠይም ቆዳ ይዞ የስዊድንን ጨለማ ክረምት ለሚገፋ ወገናችን ብርሃኑ አይበቃውም።

የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ክኒን ጉድለቱ በምርመራ ለታወቀ ሰው ይጠቅማል፤ ለሁሉ መፍትሔ አድርጎ መያዙ ግን ስሕተት ነው። በአሜሪካ ከ36,000 በላይ ባረጡ ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናት፣ ካልሲየምንና ቫይታሚን ዲን በክኒን የወሰዱት፣ የዳሌ አጥንታቸው ጥግግት በጥቂቱ ቢሻሻልም፣ የዳሌ ስብራታቸው ካልወሰዱት በግልጽ አላነሰም፤ የኩላሊት ጠጠር ግን በዝቶባቸዋል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ አጥንት ሸክም መውደዱ ነው። ክብደት በማይሰማበት ጠፈር የሚሰነብቱ ሰዎች፣ ምግባቸው ሳይጓደል፣ ከዳሌ አጥንታቸው በየወሩ ከመቶ አንድ ያህል ያጣሉ፤ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ አጥንታቸው የሳሳ ያረጡ ሴቶች፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለግማሽ ሰዓት በአሠልጣኝ እየተጠበቁ ከባድ ብረት ቢያነሱ፣ በ8 ወር ውስጥ የወገባቸው አከርካሪ ጥግግት ከመቶ ሦስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጨመረ፤ በቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ ያደረጉት ግን ቀነሰባቸው። የእግር ጉዞ ለልብ መልካም ነው፣ ለአጥንት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ዋናም ውኃው ሸክሙን ስለሚያቀል ረቡ ጥቂት ነው። (ስግደት ጉልበትን ማበርታቱ አይቀርም፤ ለአጥንቱ ብሎ የሚሰግድ ግን አይገኝ!) ደረጃ መውጣትና ክብደት ማንሳት ይሻላሉ። አጥንቱ አስቀድሞ የተሰበረበት ወይም ጀርባው የጎበጠ አንባቢ ግን፣ ብረት ከመጨበጡ በፊት ሐኪም ጥግግቱን ለክቶ እንዲመክረው አደራ እላለሁ።