ልጁ ወደ ኋላ ሲገለበጥ

አዝመራው ተወቅቶ ገለባው ሲከመር የገጠር ልጅ የት እንደሚውል ወላጅ ሁሉ ያውቃል። ደጎሎም ይሁን መካነ ሰላም፣ ክምሩ ላይ ወጥቶ ወደ ኋላ መገልበጥ ያላማረው ልጅ ጥቂት ነው። እናት ‹‹ውረድ! አንገትህን ትሰበራለህ!›› ትላለች። ልጁም ይወርዳል፤ ነገር ግን በማግስቱ እርሷ በማታየው ቦታ፣ በጋ ባደረቀው ዋልካ ላይ ይሞክረዋል።

ውድ አንባቢያን፣ የእናት ስጋት ከንቱ አይደለም። ጭንቅላት ቀድሞ መሬት ቢመታ የሰውነት ክብደት በሙሉ አንገት ላይ ያርፋል፤ እጅና እግር እስከ መሸነፍ ሊደርስ ይችላል። ታዲያ መፍትሔው ክልከላ ብቻ ነውን?

ጂምናስቲክ በደረጃ የሚሄድ ትምህርት ነው። መጀመሪያ አገጭን ደረት ላይ አድርጎ፣ መዳፍን ከጆሮ አጠገብ አስደግፎ በፍራሽ ላይ ወደ ኋላ መንከባለል ይለመዳል። ቀጥሎ በጀርባ ተኝቶ በእጅና በእግር እየገፉ እንደ ድልድይ መነሣት፣ ከዚያም ግድግዳ ተደግፎ በእጅ መቆም ይመጣል። ክንድ ሰውነትን መሸከም ሲችል ብቻ፣ አሰልጣኝ አንድ እጁን ወገብ፣ ሌላውን ጭን ሥር አድርጎ እየደገፈ ወደ ኋላ መዝለል ይጀመራል። ልጁ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ወደ ኋላ ይልና ክንዱን ወደ ላይ ወርውሮ ይዘላል፤ በእጁ አርፎ በእግሩ ይቆማል።

ሁለት ስሕተቶች አደገኞች ናቸው። አንዱ ክርንን ማጠፍ፣ ሌላው በአየር ላይ ሳሉ ሐሳብን መለወጥ ነው። ስለዚህ የፈራ ልጅ አይሾፍበትም፣ አይገፋም፤ ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሳል። ገለባም ያታልላል፤ ለጀርባ ቢለሰልስም እጅን ስለሚያሰምጥ ጭንቅላት ይከተላል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1991 በአዲስ አበባ የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ ይህን ጥበብ ለብዙ ልጆች አስተምሯል። ወንድማማቾቹ ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያምም እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያ ወጣቶችን ይዘው በኤድንበራ መድረክ ቀርበዋል።

አሰልጣኝ በሌለበት መንከባለሉና ድልድዩ ይበቃሉ፤ ዝላዩ የሚያውቅ መምህር እስኪገኝ ይቆይ። ልጅ ወድቆ አንገቴን ካለ ወይም እጅ እግሩ ከደነዘዘ ደግሞ አይነሣ፣ አይታሽ፣ ወጌሻም አይንካው። አንገቱ ሳይንቀሳቀስ ተደግፎ የጤና ባለሙያ ይጠራለት።

ወላጆች ሆይ፣ ‹‹ውረድ›› ከማለት ‹‹ና፣ ፍራሹን እናንጥፍ›› ማለት ልጅን ከዓይናችን አያርቀውም።