የሚስት ፊርማ በንግድ ውል ላይ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ገበያ ቆሞ የተመለከተ ሰው፣ የችርቻሮውን ንግድ ከፍ ያለ ክፍል ተሸክመው የሚገኙት ሴቶች መሆናቸውን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቅቤውን የምትመዝን፣ ድንቹን በመደብ የምትሸጥ፣ ጌሾውንና በርበሬውን ዘርግታ የምትውል ሴት ናት። ነገር ግን ከገበያው ተነሥቶ ወደ ጅምላ ሻጩ መጋዘን፣ ከመጋዘኑም ወደ ባንክ በተጠጋ ቁጥር የሴቲቱ ስም እየሳሳ ይሄድና፣ ዱቤው ውል ዘንድ ሲደረስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የባል ስም ብቻ ነው። ልማዱ የቆየ ቢሆንም ዛሬ ሕግ የማይደግፈው ስለ ሆነ፣ ዕቃ በዱቤ ለሚሰጥ አስመጪም ሆነ ለሚቀበለው ባለ ሱቅ ነገሩ የገዛ ኪሱ ጉዳይ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ከሚስቲቱ የሥራ ገቢና ከጥቂት ነገሮች በቀር የጋራውን ሀብት የማስተዳደር ሥልጣን ለእርሱ ሰጥቶ ነበር። በዚያው ቀን የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ያገባ ሰው እንዳላገባ ሆኖ ይነግድ ዘንድ ፈቅዶ፣ ሌላው ተጋቢ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል ሊቃወም እንደሚችል ደነገገ። በጽሑፍ ሲታይ ለሁለቱም የተሰጠ መብት ነው፤ ዳሩ ግን ገንዘቡ በአንደኛው እጅ ከሆነ ዘንድ የሁለተኛዋ የመነገድ ፈቃድ ምን ያህል ያራምዳል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ሀብት የማፍራትና የማስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ካረጋገጠ በኋላ፣ አሮጌው የቤተሰብ ሕግ ከዚህ ጋር አብሮ ሊሄድ እንደማይችል ግልጽ ሆነ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሕጉ እንዲለወጥ ብርቱ ክርክር ካደረጉት አንዱ ነበር። በሰኔ 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። ይሁን እንጂ የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች ስለ ሆነ፣ ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ ነው። የአማራ ክልል ምክር ቤት የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህም የዳንግላዪቱ ነጋዴ ሴት በትዳር ሀብት ላይ ያላት መብት የመጣላት ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከባሕር ዳር ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ነጋዴውን በቀጥታ ወደሚነካው ነጥብ እንመጣለን። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነውን ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ እንዲሁም ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን ሊጠይቅ ይችላል። የክልሉ ሕግም የቆመው በዚሁ የጋራ አስተዳደር መሠረት ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ ባለ ሱቅ ቤቱን አስይዞ ሳሙናና ዘይት በዱቤ ተቀበለ እንበል። ሚስቱ አልፈረመችም። ዕዳው ሳይከፈል ቀርቶ ባለ ገንዘቡ ወደ መያዣው ሲዘምት ሚስቲቱ ቀርባ፣ «ቤቱ የኔም ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም» ትላለች። ክርክሩ በአቤቱታዋ ቢጸና አበዳሪው መያዣ አለኝ ሲል መያዣ የሌለው ሆኖ ይቀራል። ሰነድ አረጋጋጮች ቤት ሲሸጥ የትዳር ጓደኛን ስምምነት ወይም ያላገባ መሆንን የሚያስረዳ ወረቀት የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ብዙ ነጋዴዎች ይህ ሥራን ያጓትታል ይላሉ። ቅሬታቸው በከፊል እውነት አለው። በ1992 ዓ.ም. 500 ብር ወደ 60 የአሜሪካ ዶላር ይመነዘር ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ከ5 ዶላር ያነሰ ሆኗል። ለአንድ ካርቶን ዕቃ ዱቤ ሁለት ፊርማ የሚጠይቅ ሕግ ማንም የማያከብረው ሕግ መሆኑ አይቀርም። መታረም የሚገባው ግን የገንዘቡ ልክ እንጂ የፊርማው መሠረት አይደለም። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች የቤተሰብ ሕጉን ለውጥ መርምረው፣ ለውጡ አስቀድሞ በተሠራባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ፣ በሙሉ ጊዜና ከፍ ያለ ችሎታ በሚጠይቅ ሥራ የመሰማራታቸው ነገር እንደ ጨመረ አግኝተዋል። ገቢ ያላት ሴት ደግሞ ገዢ ናት፤ ይህን ለባለ ሱቅ ማስረዳት አያሻም።

ክልሉ በገጠር መሬት ረገድ ከዚህ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ተዘጋጅቶ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል። ደብተሩን የተመለከተ ሰው ባለ መብቶቹ እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ ጎረቤት መጠየቅ አያስፈልገውም። የሱቅ ንግድ ፈቃድ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሁለቱ ተጋቢዎች አብረው ያቋቋሙት ሱቅ በአንዱ ስም ብቻ ተመዝግቦ ሊኖር ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋና የቤቱ አባወራ ሲርቅ ወይም ሲሞት፣ ስሟ በፈቃዱ ላይ የሌለ ሚስት ዕቃ በዱቤ የሚሰጣት አታገኝም፤ ባሏ ለሸጠው ዕቃ ገንዘብ ለመሰብሰብም በመጀመሪያ ሚስት መሆኗን፣ ቀጥሎም ወራሽ መሆኗን ማስረዳት ይኖርባታል። እስከዚያው የመደርደሪያው ዕቃ ያልቃል፤ ያበደረውም ጅምላ ሻጭ ይጠብቃል።

ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት በሁለት ነገሮች ላይ ቢመክር ነጋዴው ተጠቃሚ ነው። አንደኛው በትዳር ገንዘብ የተቋቋመ ሱቅ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ የሚያስችል ድንጋጌ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሁለት ፊርማው ግዴታ የሚጀምርበትን የገንዘብ ልክ ከጊዜው የዕቃ ዋጋ ጋር ማስተካከል ነው። የእንጅባራና የዳንግላ ነጋዴዎች ሐሳቡን በንግድ ምክር ቤታቸው በኩል አዘጋጅተው ለማቅረብ የሚከለክላቸው የለም፤ አዋጁ እስኪሻሻል ድረስም በዱቤ ውላቸው ላይ ለሚስት ፊርማ አንድ መሥመር መጨመር የሚጠይቃቸው ወጪ አይኖርም።