በስሌት የተወለዱ ድንክ ጋላክሲዎች በምልከታ ሲፈተኑ

ድንክ ጋላክሲዎች ከዋክብታቸው ጥቂት፣ ብርሃናቸውም ፈዛዛ ስለ ሆነ ከፍኖተ ሐሊብ ግርማ አጠገብ እዚህ ግባ የማይባሉ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን የብዙዎቹ ሀብት ገና ኮከብ ለመሆን ባልበቃው ቀዝቃዛ ጋዛቸው ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ለዓለም የተገለጠችውና አምስት ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቀን ሊዮ ፒ የተባለችው ድንክ ጋላክሲ በፖርቶ ሪኮ በነበረው በአሬሲቦ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የታወቀችው በከዋክብቷ ሳይሆን በሃይድሮጅኗ ነበር፤ የሃይድሮጅኗም ክብደት ከከዋክብቷ ክብደት ይበልጣል።

ይህን ስውር ጋዝ ለማየት መንገድ የጠረገው ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ቫን ደ ሁልስት ነው፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ሀገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፣ የሃይድሮጅን አቶም 21 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ ሊያወጣ እንደሚችል ተነበየ፤ በ1951ም ተመራማሪዎቹ ኤዌንና ፐርሰል በሃርቫርድ ሞገዱን ተቀበሉት። ጋዙ ወደ እኛ ሲቀርብ ሞገዱ ያጥራል፣ ሲርቅም ይረዝማል፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ ከሞገዱ የጋዙን ፍጥነት፣ ከፍጥነቱም የጋላክሲውን ክብደት፣ የማይታየውን ጽልመታዊ ቁስ አካል ጨምረው፣ ለማስላት ይችላሉ።

በሌላ ወገን ደግሞ ዓለምን ከሕፃንነቷ ጀምረው በኮምፒዩተር ስሌት የሚያሳድጉ ተመራማሪዎች አሉ። በስሌታቸው ውስጥ ስበት ጋዙን ይሰበስበዋል፣ የቀዘቀዘውም ጋዝ ከዋክብትን ይወልዳል፣ ዕድሜያቸው አጭር የሆነው ግዙፋን ከዋክብት ሲፈነዱም ጋዙን መልሰው ይበትኑታል፤ ስበቱ ደካማ በሆነ ድንክ ጋላክሲ ውስጥ እንዲህ ያለው ፍንዳታ ጋዙን ከቤቱ አውጥቶ ሊያሰድደው ይችላል። የፍንዳታው ዝርዝር ስሌቱ ሊለየው ከሚችለው በላይ ረቂቅ ስለ ሆነ ተመራማሪው በግምታዊ ሕግ ይተካዋል፤ ይህንንም ሕግ የከዋክብቱ ብዛት ከምልከታ ጋር እስኪስማማ ማስተካከል ስለሚቻል፣ እኔ እንደማምነው፣ ጠንካራው ፈተና የቀዝቃዛው ጋዝ መጠንና እንቅስቃሴ ነው።

በዚህ ፈተና ስሌቱን እጅግ ያስቸገረችው በታላቁ ድብ ኅብረ ኮከብ የምትገኘው ድንክ ጋላክሲ አይሲ 2574 ናት፤ የጋዟ ፍጥነት ከመካከሏ ወደ ዳር የሚያድገው ስሌቱ ከሚጠብቀው በጣም በዝግታ ነውና። ፍርዱ ርቱዕ እንዲሆን ግን በስሌት የተወለደው ጋላክሲም እንደ እውነተኛው በሩቅ እንዳለ ሆኖ፣ ዘንበል ብሎ፣ በመሣሪያው ብዥታ ተሸፍኖ፣ በዚያው ዘዴ ሊመረመር ይገባል። አፖስል በተባለው ስሌት የተፈጠሩት ጋላክሲዎች እንዲህ ሲመረመሩ የጋዛቸው ዑደት ፍጹም ክብ ስላልነበረ፣ አንዱ ጋላክሲ ከተለያየ አቅጣጫ ሲታይ የተለያየ ፍጥነት ያለው መስሎ ተገኘ፤ የመካከሉም ፍጥነት ብዙ ጊዜ ከእውነቱ አንሶ ተነበበ። በጽልመታዊው ቁስ አካል ባሕርይ ሲመካኝ የነበረው የፍጥነት ዝግታ በከፊል የአነባበባችን ጉድለት ሊሆን እንደሚችል ያሳየ በመሆኑ ይህ ሥራ ታላቅ አክብሮት ይገባዋል። ስሌቱ ግን ገና ነጻ አልወጣም፤ የእውነተኞቹ ጋላክሲዎች ጋዝ በስሌት እንደ ተወለዱት ያህል የሚናወጥ መሆኑ በራሱ በሰማይ ላይ ተለክቶ መረጋገጥ አለበት።