የዜማ ዋጋና የአቤቱታ መንገድ

ገበሬ ወደ ጐተራው ያስገባው እህል የእርሱ ሀብት መኾኑን የሚክድ ሰው አይገኝም። ዜማን ከልቡ አመንጭቶ ለሕዝብ ያሰማ ሰው ግን ያ ዜማ ሀብቱ መኾኑን ለማስረዳት ብዙ ዘመን ደክሟል። እህል ሲሰረቅ ጐተራው ይጐድላል፤ ዜማ ሲሰረቅ ግን በባለቤቱ ዘንድ እንደ ነበረ ስለሚቀር ጉዳቱ ለዐይን አይታይም። የማይታየውን ጉዳት ለማስታወቅም አቤቱታ የግድ ኾነ።

በኢትዮጵያ የደራስያንና የጥበብ ሰዎች ሀብት በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ተደንግጎ ነበር። ካሴት ያለ ፈቃድ በየገበያው መባዛት በጀመረ ጊዜ ግን ድንጋጌው ለድምፃውያን የሚበቃ ጋሻ አልኾነም። ስለዚህም በ1995 ዓ.ም. ድምፃውያን አዲስ ሥራ ማውጣትን ለወራት አቁመው ወደ መንግሥት አቤት አሉ። በሐምሌ ወር 1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። ይህንንም በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 872 አሻሻለው፤ ሥራውን ለንግድ የሚገለገልበት ሰው ሮያሊቲ የሚከፍልበትን፥ ገንዘቡም በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፈተ።

ነገሩ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሂርና የሚደርሰው በዚህ በር ነው። ሂርና ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ይባል ከነበረው ከጭሮ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ሻይ ቤት የዓሊ ቢራን የኦሮምኛ ዘፈን ቢያሰማ፥ ዘፈኑ መንገደኛውን ያቈየዋል፤ የቈየውም ሁለተኛ ብርጭቆ ያዛል። እንግዲህ ዜማው ለባለሻይ ቤቱ ሠርቶለታል ማለት ነው። ዓሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ቢያርፍም፥ የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ስለሚጸና ለደረሳቸው ዜማዎች የሚገባው ዋጋ ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው በዚህም ይሠራል።

ዳሩ ግን ባለሻይ ቤቱም የሚያሰማው አቤቱታ አለው። ሦስት አግዳሚ ወንበር ያለው ቤት ከትልቅ ሆቴል ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘናልን? ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው? በምንስ ደረሰኝ? የተከፈለውስ በእውነት ለዜማው ባለቤት ይደርሳልን? እነዚህ ጥያቄዎች ከእንቢተኝነት የሚቈጠሩ አይደሉም፤ ከፋይ ሰው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ናቸው።

ክርክሩ በሌላውም አገር የተጀመረው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ኤርነስት ቡርዤ የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ በፓሪስ አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ የራሱ ሥራ ያለ ክፍያ ሲቀርብ ሰማ። እርሱም የጠጣበትን ሒሳብ አልከፍልም አለ፤ ዳኞችም የደራሲውን መብት አጸኑለት። እ.ኤ.አ. በ1851 በፓሪስ ለባለመብቶች ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር ተቋቋመ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው፤ መብት በፍርድ ይታወቃል፥ ገንዘቡ ግን የታመነ ሰብሳቢ ከሌለ ለባለቤቱ አይደርስም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 በጉልበትና በፈጠራ ችሎታ የተገኘውን ግዙፍ ያልኾነ ሀብት እንኳ ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 30 ደግሞ አቤቱታ የማቅረብን መብት ያረጋግጣል። ሁለቱ ተደጋግፈው ሊቆሙ ይገባል። ሕጉ ወደፊት በሚሻሻልበት ጊዜ ሁሉ የድምፃውያን ድምፅ እንደ ተሰማ የባለሻይ ቤቱም ድምፅ ይሰማ ዘንድ፥ የክፍያውም ልክ እንደየቤቱ አቅም ተለይቶ በኦሮምኛም በአማርኛም በግልጽ ይነገር ዘንድ ይገባል። ሳይነገር የተጠየቀ ገንዘብ ቅጣት ይመስላል፤ ተነግሮ የተጠየቀ ግን ሰው በደስታ የሚከፍለው ዕዳ ነው።