ባሕሩን አብረን እንይ፦ ጅቡቲና ደሴቶቿ በአዳይቱ መንገድ

በቤተ ክርስቲያናችሁ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ካለ እሑድ ጠዋት በስብከት መካከል ሲያንቀላፋ አይታችሁት ይሆናል። አትፍረዱበት። አዋሽን፣ ገዋኔን፣ አዳይቱን፣ ሚሌንና ሰመራን አልፎ፣ ገላፊ ላይ ወረፋ ጠብቆ፣ ጅቡቲ ጭኖ የተመለሰ ሰው ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ እንዲህ ስላለ አንድ ወንድምና ስለ ባለቤቱ ነው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለ ለመኑኝ እሱን «ወንድማችን»፣ እሷን «እኅታችን» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ወንድማችን በዚህ መንገድ ዐሥራ ስምንት ዓመት ተመላልሷል። እኅታችን ግን ባሕር አይታ አታውቅም። አንድ ቀን ልብሱን እያጠበች፣ «አንተ ባሕሩን በየጊዜው ታያለህ፤ የእኔ ድርሻ ሸሚዝህ ላይ የደረቀውን ጨው ማጠብ ነው» አለችው። እሱም፣ «እኔስ መቼ አየሁት? የማየው ክሬንና ኮንቴነር ነው» ብሎ መለሰላት። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ የራሳችሁን ቤት ተመልከቱ። ሥራው መንገድ የሆነ ሰው ዕረፍት ሲባል የሚታየው የገዛ አልጋው ነው። ቤት ውስጥ ልጅና ወጥ ይዛ የከረመች ሴት ደግሞ ዕረፍት ስትባል በሩን ከፍታ መውጣት ነው የምትፈልገው። ሁለቱም «ዕረፍት» ይላሉ፤ የሚያወሩት ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው። ወንድማችንና እኅታችን ይህን ሳይነጋገሩበት ነው የጉዞ ቀን የቆረጡት።

ለምን ጅቡቲ?

ወላጆቻችን ባሕር ሲሉ ምጽዋ ማለታቸው ነበር። ምጽዋ ራሷ በደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከፊት ለፊቷ ደግሞ ከመቶ የሚበልጡ የዳህላክ ደሴቶች ተበትነዋል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ፣ በተለይም በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር፣ ያ መንገድ ተዘጋ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ሰላም ሲወርድ ብዙዎቻችን ሻንጣ አዘጋጅተን ነበር። የየብሱ ድንበር በ2011 መጀመሪያ ተከፍቶ ከጥቂት ወራት በኋላ መልሶ ተዘጋ።

ስለዚህ የወደብ ከተማና ደሴትን በአንድ ጉዞ ለማየት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቅርቡ ጅቡቲ ነው። ከከተማዋ ወደ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ሁለት ደሴቶች አሉ። ዝቅ ያሉ፣ ነጭ አሸዋ የለበሱ፣ ዙሪያቸውን የባሕር ድንጋይ አበባ የምንለው ኮራል የከበባቸው ናቸው። ሙሻ ላይ ከጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅሉ የማንግሮቭ ዛፎች አሉ። ከተማዋንም ብትሆን እንግዳ አድርጋችሁ አትዩአት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መብራቷ ከእኛ አገር ይሄድላታል፤ ከ2009 ጀምሮም በሶማሌ ክልላችን ከአዲጋላ አካባቢ የተቆፈረ የጉድጓድ ውኃ በቧንቧ ይደርሳታል። ጠዋት ፊታችሁን የምትታጠቡበት ውኃ ከአገራችሁ የወጣ ሊሆን ይችላል።

አዳይቱ ላይ የጠጡት ሻይ

የመጀመሪያው ጉዞ ዕቅድ የወንድማችን ነበር። መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል፤ ማን ይከራከረዋል? ከዘመድ መኪና ተውሶ አምስት ቀን መደበ፤ ሁለት ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን ደሴት፣ ሁለት ቀን መመለሻ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በገላፊ በኩል ወደ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ይበቃል።

ገዋኔ ሲደርሱ «መንገዱ ተዘግቷል» ተባሉ። የዚያን አካባቢ ነገር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አዳይቱና አካባቢዋ በአፋርና በኢሳ ወገኖቻችን መካከል ለብዙ ዓመታት የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። በግጭቱ ሰው ሞቷል፣ ቤተሰብም ተፈናቅሏል፤ አንዳንድ ጊዜም የአገሪቱ ዋና የወደብ መንገድ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ቆሟል። ለእናንተ አንድ የሽርሽር ቀን የሚያበላሸው ነገር እዚያ ለሚኖረው ሰው የዕለት ኑሮው መሆኑን አትርሱ።

ባልና ሚስቱ ሌሊቱን መኪና ውስጥ አደሩ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መንገዱ ተከፈተ። ጅቡቲ ሲገቡ የቀራቸው አንድ ምሽት ብቻ ነበር። ወንድማችን ቢያንስ ባሕሩን ልያሳያት ብሎ በከተማው ውስጥ ወዳለው የባሕር ዳርቻ ወሰዳት። ጊዜው ባሕሩ የሚሸሽበት ሰዓት ነበርና ውኃው እሩቅ ሄዶ የቀረው ጭቃ ነበር። «ይኼ ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም።

በመመለሻው ከገላፊ እስከ አዳይቱ ሁለቱም ዝም። እኔ ባለትዳር ነኝና ያ ዝምታ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አውቃለሁ! አዳይቱ ላይ ለሻይ ቆሙ። የአዋሽ ወንዝ በአቅራቢያው ያልፋል። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ይህን ሁሉ አገር ቢያቋርጥም ባሕር ሳይደርስ ከጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እኅታችን ይህን ከእሱ ስትሰማ፣ «እንግዲያው እኔና አዋሽ አንድ ነን» አለችው። ያን ጊዜ ነበር ወንድማችን ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «እንደ ጭነት ነው የወሰድኩሽ፤ አድርሶ መመለስ ብቻ ነው ያሰብኩት። ይቅር በይኝ» ያላት። እሷም የራሷን ተናገረች፤ ደክሞት እያየች መሪ ላይ ያስቀመጠችው እሷ ነበረች።

የሚቀጥለውን ጉዞ እዚያው ሻይ ቤት ጀመሩት። የዚህን ጽሑፍ ቁም ነገር የሰማሁትም ከዚያ ውይይታቸው ነው።

መጀመሪያ የሚቆረጠው ወሩ ነው

ከግንቦት እስከ መስከረም ጅቡቲ አትሂዱ። ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም አይበርድም። የአፋር መንገድም ከዚያ የተሻለ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ግን ለሰውም ለመኪናም ይመቻል። በእነዚህ ወራት ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ባለው የአርታ ባሕር ዳርቻ ዌል ሻርክ የሚባለው ነጠብጣብ ያለበት ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚመገበው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን ነው።

ቀጥሎ የቀን ቁጥር። ከአምስት ቀን ወደ ስምንት ከፍ አድርጉት፤ ከስምንቱም አንዱን ምንም አትጻፉበት። መንገድ ቢዘጋ፣ ልጅ ቢያመው፣ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባ ባይወጣ ያ ቀን ይሸፍናል። ምንም ካልተፈጠረ ደግሞ ተኝታችሁ ዋሉበት።

በመኪና የምትሄዱ ከሆነ አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሁለተኛውን ሰመራ ወይም ሎጊያ እደሩ። ሰመራ ከአዲስ አበባ ወደ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ በአንድ ቀን ልግባ አትበሉ። በማታ ፈጽሞ አትንዱ፤ ግመል አስፋልት ላይ ይተኛል፤ ግመል የገጨ ሰው ደግሞ ጉዳዩ በቀላሉ አያልቅለትም። ከመነሣታችሁ በፊት ከዚያው ቀን ከመንገዱ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ለወራት የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ሕዝብ ከቀዬው መነሣቱን ታስታውሳላችሁ፤ በዚህ መስመር ያለፈው ዓመት ወሬ ለዘንድሮ አይሠራም።

ባቡሩም አለ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ከተማ ጫፍ ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል። ቀኑና ሰዓቱ ስለሚቀያየር ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ጣቢያው ሄዳችሁ አረጋግጡ። ፓስፖርት፣ የመግቢያ ፈቃድና የመኪና ወረቀት በኤምባሲው የሚጠየቅ ነገር ነው፤ «እከሌ እንዲህ ብሎኝ» ብላችሁ ድንበር ላይ አትቁሙ።

ስለ ገንዘብ ሳታፍሩ ተነጋገሩ

ብዙ ባልና ሚስት ጉዞ ላይ የሚጣሉት በገንዘብ ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ ውድ አገር ናት። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። የእኛ ብር ግን በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብዙ ወርዷል። ድሮ የሄደ ሰው የነገራችሁን ዋጋ እርሱት። እኅታችን በሁለተኛው ጊዜ ገንዘቡን በሦስት ፖስታ ከፈለችው፤ መንገድና አልጋ፣ ጀልባ፣ ምግብ። የጀልባው ፖስታ ለምንም ነገር እንዳይከፈት ተማማሉ። እኔ ይህን ስሰማ ሳቅሁ፤ ኋላ ግን በእኛም ቤት ሞከርነው።

ከተማዋ ውስጥ ለመብላት የየመኖችን ዓሣ ፈልጉ፤ ከጀርባው ተሰንጥቆ በሸክላ ምድጃ ተጠብሶ ከሰፊ ቂጣ ጋር ይቀርባል፤ አንዱ ለሁለት ይበቃል። አሮጌው የፈረንሳዮች ሰፈር ውስጥ ዛሬም ሰው «ምኒልክ አደባባይ» የሚለው ቦታ አለ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ከኢትዮጵያ ሲገባ ከተማው ስለሚቀዘቅዝ ጉዳያችሁን ጠዋት ጨርሱ። የውጭ አገሮች የጦር ሰፈር የበዛባት አገር ናትና ወደቡንና ካምፖቹን ፎቶ አታንሡ። አለባበሳችሁንም የሙስሊም አገር መሆኑን አስባችሁ አዘጋጁ።

ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለውን የአሳል ሐይቅ፣ ታጁራን፣ አርታንና ደሴቶቹን በሦስት ቀን ልጨርስ የሚል ይኖራል። ያ እንደገና ጭነት ማመላለስ ነው። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን እንዲያርፉ በጀልባ ይዟቸው ሲሄድ ሕዝቡ በእግር ቀድሞ እንደ ጠበቃቸው በማርቆስ ምዕራፍ 6 እናነባለን፤ የዕረፍት ቀን መበላሸት እንግዲህ አዲስ አይደለም። እኛ ግን በገዛ እጃችን አናበላሸው።

አቅሙ ካልፈቀደስ? አያሳፍርም። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ዝዋይ፣ በዛሬ ስሟ ባቱ፣ ሐይቅና አምስት ደሴቶች አሏት። ጀልባ ይዛችሁ ቱሉ ጉዶ ደሴት ደርሳችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ውኃው ውስጥ ግን አትግቡ፤ የቢልሃርዝያ በሽታ አለበት።

ሙሻ

በሁለተኛው ጥር ወንድማችን መሪ አልያዘም፤ በባቡር ሄዱ። እሷ «አዳይቱን ሳላያት» ብላ ትንሽ ቅር ብሏት ነበር።

ጀልባው ጠዋት ነው የሚወጣው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሊበረታ ይችላል። ዋጋውን የመመለሻውን ሰዓት ጨምራችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለ አትሳፈሩ። ደሴቱ ላይ የምንጭ ውኃ የለም፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር፣ ምሳ፣ ባርኔጣና ለጥላ የሚሆን ነጠላ ያዙ። ኮራሉ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ እሾሃማ የባሕር ፍጥረትም አለ፤ ስለዚህ ጫማ ሳታወልቁ ግቡ። ኮራሉን ለመታሰቢያ ብላችሁ አትስበሩ።

እኅታችን ውኃው እስከ ጉልበቷ ሲደርስ ቆማ ጥቂት ቀምሳ፣ «ጨዉ እውነት ነው» ብላ ጮኸች። ዞር ብላ ስታየው ወንድማችን ነጠላውን ተከናንቦ ጥላው ሥር እንቅልፍ ወስዶታል። አልቀሰቀሰችውም። ባለ ጀልባው እስኪጣራ ድረስ እግሯን ውኃ ውስጥ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሦስት ሰዓት ያህል ተኛ።