በትሩ የሚያስተምረው ማንን ነው?

የመሐል ሜዳን የታኅሣሥ ጧት ያላየ ሰው የመንዝን ልጅ ትጋት በሚገባ አያውቀውም። ውርጩ በመስኩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ልጁ እፍኝ ቆሎ በኪሱ ይዞ፥ ጋቢውን ተከናንቦ አስቀድሞ በጎቹን ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ደብተሩን በብብቱ ሸጕጦ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣል። እኛ ማስተማር በጀመርንበት ዘመን ግን፥ ደወል ከተደወለ በኋላ የደረሰውን ልጅ በበሩ ላይ የምንቀበለው በአርጩሜ ነበር። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ ራሳችን የተሳሳትንበትን ለወላጆችና ለመምህራን ለመናገር ነው።

ከተማሪዎቻችን መካከል አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረ። ብልህ ነው፤ ነገር ግን በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ያረፍዳል። ሲቀጣ መዳፉን ዘርግቶ ዝም ይላል። ለአንድ ለሁለት ቀን በጊዜው ይመጣና በሦስተኛው ቀን እንደ ገና ያረፍዳል። እኛም ቅጣቱ ያነሰው መስሎን ከሁለት ወደ አራት፥ ከአራትም ወደ ስድስት አሳደግነው። በመጨረሻ ልጁ ፈጽሞ ቀረ። ሳምንት ቢያልፍ ወደ ቤቱ ሄደን እናቱን ጠየቅን። እርሳቸውም፥ «መምህር፥ ምን ልበልዎ? ‹ባረፍድ እገረፋለሁ፤ ብቀር ግን ማን ይገርፈኛል?› ብሎኝ ነው የቀረው» አሉን። አፍረን ተመለስን፤ የልጁ ስሌት ትክክል ነበረና።

በትሩን ከየት አገኘነው ቢባል፥ ያደግንበት ነው። ፊደል በቆጠርንበት የቄስ ትምህርት ቤት የየኔታ አለንጋ ከአጠገባችን አይጠፋም ነበር፤ ቁንጥጫውና መንበርከኩም ነበረ። ነገር ግን በዚያው ቤት ሌላም ነገር ነበረ፤ እርሱን ግን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያም ወደ ዳዊት መሻገር ለልጁ ታላቅ ክብር ነበር። ትንሽ የቀደመው ልጅ ጀማሪውን እንዲያስቀጽል ሲታዘዝ በደስታ ያደርገው ነበር። ዳዊት የደገመ ልጅ ደግሞ ቤተ ሰቡ ድግስ ደግሶ ጎረቤቱ ይመርቀው ነበር። ዛሬ መለስ ብለን ስናስበው፥ በገላችን ላይ ምልክቱ የቀረው አለንጋው ቢሆንም ወደ ፊት ያስኬደን ግን ያ ክብር ነው።

በትርን የሚደግፉ ወላጆች መጽሐፈ ምሳሌን መጥቀስ ይወዳሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ407 ያረፈው ሊቁ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን፥ ልጅን ዘወትር በበትር ማስለመድ እንደማይገባ መክሯል፤ በየቀኑ የሚቀምሰውን በትር መናቅ ይማራልና። ይልቁንም አንድ ጊዜ በፊት መኰሳተር፥ አንድ ጊዜ በቃል ተግሣጽ፥ ሌላም ጊዜ በማባበልና ተስፋ በመስጠት እንዲመራ አሳስቧል። ያ የአራተኛ ክፍል ተማሪ መዳፉን ዘርግቶ ዝም ያለው ሊቁ እንደ ተናገረው በትሩን ለምዶ ስለ ናቀው ነበረ።

ይህንኑ ነገር የዘመናችን የሥነ ልቡና ሊቃውንት በሌላ መንገድ መርምረውታል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት፥ በሣጥን የተዘጉ ድመቶች መውጫውን እንዴት እንደሚማሩ ተመልክቶ፥ መልካም ውጤት ያስከተለ ሥራ እየተደጋገመ እንደሚሄድ አስረዳ። ቢ. ኤፍ. ስኪነርም እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን አስፋፋው። ሰው ነባቢት ነፍስ ያለው ፍጡር ስለ ሆነ ከድመት ጋር አይነጻጸርም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልማድ ሰውንም ይገዛዋል።

የትምህርታቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው። አንድን ሥራ ተከትሎ የሚመጣ ነገር ያን ሥራ እንዲደጋገም ካደረገው ማጠናከሪያ ይባላል፤ እንዲቀንስ ካደረገው ቅጣት ይባላል። ማጠናከሪያ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ደስ የሚያሰኝ ነገር ሲሰጥ ነው፤ ሁለተኛው የሚያስጨንቅ ነገር ሲወገድ ነው። እንግዲህ ነገሩ የሚፈረደው በሰጪው አሳብ ሳይሆን በውጤቱ ነው። ቅጣት ብለን የሰጠነው ጥፋቱን ካልቀነሰው፥ ስሙ ቅጣት ቢሆንም ሥራው ቅጣት አይደለም።

በዚህ ሚዛን ራሳችንን ስንመዝን ሁለት ነገር አገኘን። ልጁ ሲቀር ከአርጩሜው ስለሚያመልጥ፥ ያጠናከርንለት በጊዜው መምጣትን ሳይሆን መቅረትን ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይልቅ ያስደነግጣል። አርጩሜው ሲነሣ ክፍሉ ወዲያው ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ለመምህሩ ዕረፍት ነው፤ ስለዚህ ነገ ክፍሉ ሲረበሽ እጁ እንደ ገና ወደ አርጩሜው ይሄዳል። ጸጥታው አንድ ሰዓት ባይቈይም መምህሩ ይህን አያስተውልም። እንግዲህ በትሩ ያስተማረው ልጁን ሳይሆን እኛን ነበር፤ መምታትን አስተማረን።

ቍጣም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማድሰን፥ ቤከርና ሌሎች አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት፥ መምህራኑ «ተቀመጡ» የሚለውን ትእዛዝ ሲያበዙ ከመቀመጫው የሚነሣው ልጅ በዛ፤ ተቀምጠው የሚሠሩትን ሲያመሰግኑ ግን የሚነሣው ቀነሰ። ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚሻው መታየትን ነውና፥ በመልካም ሥራው ካልታየ በጥፋቱ ሊታይ ይወዳል።

ወደዚያ ልጅ እንመለስ። ከእናቱ ጋር ከተመካከርን በኋላ ጎረቤቶቹ በጎቹን በየተራ የሚያወጡበት መንገድ ተገኘ፤ አስቀድሞ የማርፈዱን ምክንያት ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። በትምህርት ቤታችን ለደወል የሚያገለግለው በዛፍ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበረ። ከክፍሉ አስቀድሞ የደረሰ ልጅ እርሱን እንዲደውል ፈቀድን። ያረፈደ ግን አይመታም፤ ያመለጠውን ትምህርት በዕረፍት ሰዓት ተቀምጦ ይገለብጣል። ልጁ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ፈጽሞ አላረፈደም አንልም፤ ነገር ግን በብዙ ጧት ደወሉን የምንሰማው ከእርሱ እጅ ነበረ።

ከዚህ የተማርነውን ለቤትም ለትምህርት ቤትም እንዲጠቅም በአጭሩ እናቅርብ። ምስጋና ወዲያውና በግልጽ ይሰጥ፤ «ጎበዝ» ብቻ ከማለት «ሳትታዘዝ ውኃ ስለ ቀዳህ አመሰግንሃለሁ» ማለት ይበልጣል፤ ልጁ ምን እንደ ተወደደለት ያውቃልና። ልማዱ ሲጸና ሽልማቱ ቀስ በቀስ ይቀነስ። ቅጣት ካስፈለገ አስቀድሞ የታወቀ፥ ትንሽና የማይቀር ይሁን፤ ዛሬ የተተወው ነገ በንዴት የሚደረግ ከሆነ ልጁ የሚማረው ሥርዓትን ሳይሆን የአባቱን ፊት ማንበብን ነው። ንባብና ሒሳብ ቅጣት ሆነው አይሰጡ፤ ልጁ ትምህርትን ይጠላልና። ደግሞም እናት አንድ ሰዓት እምቢ ብላ ልጁ ሲያለቅስ ከሰጠችው፥ ያስተማረችው አንድ ሰዓት ማልቀስን ነው።

ምስጋና ልጅን ያስታብያል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ልጁን ሳይሆን ሥራውን ብናመሰግን ግን የሚያስታብየው ነገር የለም። «ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው የአባቶቻችን ተረትም ሁለት ጊዜ ምክርን ያስቀድማል፤ እኛ ግን ከመጨረሻው ጀመርን። የአገራችንም ሕግ ይህን አልዘነጋውም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኛ አርጩሜውን ስናነሣ ይህ ሕግ የተጻፈ ነበር፤ አለማወቃችን ከወቀሳ አያድነንም።

ያ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ አይተን ደስ ብሎናል። ከእርሱ በፊት የቀሩትንና ማንም ወደ ቤታቸው ሄዶ ያልጠየቃቸውን ስናስብ ግን ልባችን ይከብዳል። ወላጆች ሆይ፥ መምህራንም፤ ዛሬ ማታ በትሩን ከማንሣታችን በፊት ልጁን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ «ምን ሆነህ ነው?» እንበለው፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው እንስማው።